እጄን ስዘረጋ ብቅ የሚለው

ጥቅምት 9

ጭራሮዬ፣

«ደህና ነኝ ብለሽ እንዳትጀምሪ» ብለሽ ጽፈሻል። እሺ፣ አልጀምርም። ግን ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ መጻፍ እጄ እምቢ አለኝና፣ እንደምን ከርመሻል? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? የክፍልሽ መስኮት ተሠራልሽ ወይስ አሁንም ጋዜጣ ወትፈሽበት ነው የምታድሪው? እኔማ... ይኸው፣ ያቺን ቃል አልጻፍኳትም።

ወሬውን ያደረሰሽ ለሳኙ እንደሆነ አውቄያለሁ። ስንት ዘመን አብረን ስንሠራ፣ እሱ ግድግዳውን በጄሶ እየለሰነ፣ እኔ ከኋላው ቀለም እየቀባሁ፣ አንድ ምስጢር እንኳ እሱ ዘንድ አድሮ አያውቅም። «ለልጅቷ እንዳትነግራት» አልኩት። «ምን በወጣኝ!» አለኝ። በማግስቱ ጻፈልሽ። አሁን ስጠይቀው ጄሶውን እያማሰለ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ለነገሩ ከአንቺ መደበቄም ጅልነት ነው። የሰው ሥጋ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብቶ በሽታውን የሚለይ ዶክተር በቤቴ አሳድጌ፣ የራሴን ሥጋ ከሷ ልደብቅ? እንግዲህ ስሚኝ። ቀኝ ትከሻዬ ሥር፣ በጀርባ በኩል፣ ያ ሰፊው አጥንት ከሚያልቅበት ዝቅ ብሎ እብጠት ወጥቶብኛል። የበር እጀታ ያህላል። ጠባዩ ግን የሚገርም ነው። እጄን ወደታች ስጥለው የለም። ሮለር ይዤ ግድግዳው ላይ ስንጠራራ፣ እጄን ወደፊት ስዘረጋ፣ ብቅ ይላል።

ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ «ልብስዎን ያውልቁና ቀጥ ብለው ይቁሙ» አለኝ። ሐኪም ፊት እንደ ወታደር ነው የሚቆመው ብዬ እጆቼን ጎኔ ላይ ለጥፌ ቀጥ አልኩለት። ቢፈልግ፣ ቢዳብስ፣ ምንም የለም። «እናቴ፣ ድካም ነው፤ እረፍት ያድርጉ» አለኝ። እንዴት እንዳፈርኩ! ሥራ ጠልታ በሽታ የፈጠረች ሴት መሰልኩ። ሹራቤን ከወንበሩ ላይ ላነሳ እጄን ስዘረጋ ግን ከኋላዬ «ኧረ!» ሲል ሰማሁት። ስዞር ብዕሩ ከእጁ ወድቋል።

ወደ ሆስፒታል ላከኝ። እዚያ ያለው ቀዶ ሐኪም ቁም ነገረኛ ሰው ነው፤ አልጠላሁትም። እብጠቱን በመሣሪያ አየውና ከጡንቻ ሥር ጎድን አጥንቴ ላይ ተለጥፎ እንደተቀመጠ ነገረኝ። ጫፉ አልለይ አለው። እንዲህ ጠልቆ የተቀመጠ እብጠት ክፉ ሊሆን ስለሚችል ከዙሪያው ጡንቻ ጋር ሰፋ አድርጎ ቆርጦ ማውጣት ይሻላል አለ። «ከዚያስ?» አልኩት። «ከዚያ እጅዎ ከትከሻዎ በላይ ላይነሳ ይችላል» አለኝ። ለኅዳር መጨረሻ ቀጠሮ ይዞልኛል።

ይኸው ነው። እጇ ከትከሻዋ በላይ የማይነሳ ቀለም ቀቢ የት ነው ያየሽው? የባቡር ጣቢያውን አዳራሽ ጣሪያ ደግሞ ገና አሁን መረከቤ ነው፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሰፊ ጣሪያ ቀብቼ አላውቅም። ሞትን አልፈራም ብዬ አልዋሽሽም፣ እፈራለሁ። ግን እጄን ከሞት እኩል ነው የምሳሳለት።

እንግዲህ ተናገርኩ። አታልቅሺ። ካለቀስሽም ማይክሮስኮፑ ላይ አታንጠባጥቢ፤ የመንግሥት ንብረት ነው።

እቴቴ

ጥቅምት 15

እቴቴዋ፣

ከሁሉ በፊት ያንን ደብዳቤ ይቅር በይኝ። የለሳኙን መልእክት እንዳነበብኩ፣ ደሜ ሳይበርድ የጻፍኩት ነው። «ያሳደገችኝ ሴት እንደ ባዳ ቆጠረችኝ» ያልኩት አምልጦኝ ነው። ቀድጄ ልጥለው ስል ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው ሹፌር አውቶብሱን አስነስቶ ሄዷል። አሁን ቁጣዬ በርዷል። ፍርሃቴ ግን አልበረደም፤ ከአንቺ ደብቄው ምን ላተርፍ።

አላለቀስኩም። ትንሽ ብቻ። ማይክሮስኮፑ ደረቅ ነው።

አሁን እንደ ሐኪም ልናገር። ቀዶ ሐኪሙ ተሳስቷል አልልም፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እፈራ ነበር። ግን ቢላ ከመነሳቱ በፊት ያ እብጠት ስም ያስፈልገዋል፤ ስም የመስጠት ሥራ ደግሞ የኛ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ወፍራም መርፌ ያስገባና ክር የምታህል ቁራጭ ሥጋ ያወጣል። ሆስፒታላችሁ የኛ ዓይነት መርማሪ ስለሌለው ናሙናውን እንደሁልጊዜው በአውቶብስ ይልክልናል። እኛ ውሃውን ከውስጡ አውጥተን በቀለጠ ሰም እንሞላዋለን። ሰሙ ሲጠነክር በምላጭ እንሸነሽነዋለን፤ አጠገቡ ብታስነጥሺ ብን ብሎ የሚጠፋ ስስ ቅጠል ይሆናል። እሱን ስላይድ የምንለው መስታወት ላይ አንጥፈን እንቀባዋለን። አዎ፣ እንቀባዋለን! ቀለም ካልነካው ሥጋ ማይክሮስኮፕ ሥር ባዶ ነው፤ ምኑም ከምኑ አይለይም። ስንት ዓመት ተምሬ ተምሬ የወጣኝ ያው ያንቺው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገርሽና እንዳትቀየሚኝ። ስላይድሽ ላይ ፍርድ የምሰጠው እኔ አይደለሁም። ያንቺ መሆኑን እያወቅሁ ካየሁት ዓይኔ የሚመኘውን ነው የሚያሳየኝ፤ ወይ ደግሞ የሚፈራውን። የሚያዩት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የክፍላችን አለቃ ናቸው፤ እኛ ገና ስላይዱን ሳናስተካክል እሳቸው አይተው የጨረሱ ሰው። ያዩት ነገር ደህና ከሆነ ያንጎራጉራሉ። ክፉ ከሆነ ዝም ይላሉ፤ ያኔ እኛም ወንበር አናንቀሳቅስም። ናሙናው በቁጥር ስለሚመጣ የማን እንደሆነ አያውቁም፤ እኔም አልነግራቸውም።

በሌላኛው ወረቀት ላይ የጻፍኩልሽን ጥያቄዎች ሳትዘይሪ መልሺልኝ። እቴቴ፣ ሳትዘይሪ ነው ያልኩሽ። አውቅሻለሁ። መልሱ እስኪመጣ ማንም እንዳይቆርጥሽ። ለቀዶ ሐኪሙም በግልጽ ጽፌለታለሁ።

ጭራሮሽ

ጥቅምት 24

ጭራሮዬ፣

ናሙናው ተወሰደ። ከመርፌው ይልቅ ያስጨነቀኝ አቀማመጤ ነው፤ እብጠቱ ወጥቶ እንዲታይ ትራስ አሳቅፈው በደረቴ አስተኙኝ። ትራስ አቅፌ ስተኛ ያየኝ ለሳኙ በር ላይ ቆሞ «ምነው፣ ሙሽራው የት ሄደ?» አለኝ። ነርሷ ከሳቋ የተነሳ መርፌውን አስቀምጣ ወጣች።

ያንቺን ደብዳቤ ቀዶ ሐኪሙ ደህና አድርጎ ነው የተቀበለው። «ልጅዎ ቁጡ ናት» አለኝ። «የሷን ቁጣ አላየህም፤ እኔንም አላየኸኝም» አልኩት። ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን የወጣውን ቁራጭ ብርሃን ላይ አንስቶ አየና ፊቱ ተለወጠ። ለዓይን የስብና የክር ቁራጭ ብቻ ይመስል ነበር። መርፌው ዒላማውን ስቶ ከዳር ያለውን ሥጋ ያመጣ መሰለው። 

ዕቃው እጅሽ ሲገባ ያየሽው ካልሲ የኔ ነው። ሹፌሩ ጠርሙሱ ሲንገጫገጭ እንዳይሰበር ምን ልጠቅልለው ሲል አውልቄ ሰጠሁት። ታጥቦ ይመለስልኝ፤ ጥንዱ እዚህ ብቻውን ቀርቷል።

ለጥያቄዎችሽ፦ አያመኝም። ከረዥም ሥራ በኋላ ትንሽ ይከብደኛል፣ እሱም የማንም ቀለም ቀቢ ጀርባ ነው። እጄን ሳነሳ ቀጭ የሚል ነገር አለው፤ ለሳኙ «መሰላሉን ዘይት ቀቢው» አለኝ፤ መሰላሉ አይደለም፣ እኔ ነኝ። አልከሳሁም፤ ቀሚሴን ብታዪው ትመሰክሪያለሽ። እንቅልፌ ደህና ነው። የመጨረሻዋን ጥያቄሽን ደግሞ ምን አመጣት? ሌላ ቦታ ምን ሊኖር ኖሯል? አንዱ አልበቃሽም? ነይና ፈልጊ።

ጣሪያውን ጀምሬያለሁ። የምሥራቁ በኩል አንደኛ እጅ ተቀብቷል። ከታች ሆነው ባቡር የሚጠብቁ ሰዎች አንጋጠው ያዩናል። ባቡሩ ባያልፋቸው ግሩም ነበር።

እቴቴ

ኅዳር 1

እቴቴ፣

መልስ ትጠብቂያለሽ፤ እኔ ግን ዛሬ ሙሉ መልስ የለኝም። የዘገየሁትም ለዚሁ ነው፣ ይቅርታ። ጋሼ ስላይዱን አይተውታል። ማንጎራጎር ጀመሩ፤ መሃል ላይ አቋረጡ። ስንት ዘመን አብሬያቸው ስሠራ እንዲህ ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም። 

ከዚያ ዓይናቸውን ሳያነሱ «ይህች ሴትዮ ሥራዋ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ቀለም ቀቢ ናት፤ ጣሪያ ሳይቀር ትቀባለች» አልኩ።

«አንቺ በምን አወቅሽ? ወረቀቱ ላይ የለም እኮ።»

እቴቴ፣ አመለጠኝ። «ሐኪሟ ጽፎልኝ ነው» ብዬ ቀባጠርኩ። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። የነቁብኝ ይመስለኛል።

መርፌው አለመሳቱን ልነግርሽ እችላለሁ። ስብና ክር የመጣው እብጠቱ ራሱ ስብና ክር ስለሆነ ነው። በተለመደው ቀለም ሁሉም ሮዝ ሆኖ ስለሚወጣ ግን የትኛው ክር ምን ዓይነት እንደሆነ አይለይም። ሌላ ማቅለሚያ ያስፈልጋል፤ በሰውነታችን ውስጥ እንደ ላስቲክ የሚሳቡትን ክሮች ብቻ ነጥሎ ጥቁር የሚያደርግ። የኛው ጠርሙስ ከመደርደሪያው ጀርባ ስናገኘው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ የሚፈልገው ሰው ጠፍቶ መሆኑ ነው። ከዩኒቨርሲቲው አስልከናል።

እስከዚያው ጋሼ አንድ ጥያቄ አዘዋል፤ ካንቺ ሌላ ማንም ሊመልሰው አይችልም። በግራ በኩልስ? ልክ በዚያው ቦታ፣ ከአጥንቱ ሥር፣ እጅሽን ስትዘረጊ ብቅ የሚል ነገር አለ ወይስ የለም? ባለፈው ቀልደሽ አለፍሽኝ። አሁን አትቀልጂ። ለምን እንደሚጠየቅ ለታካሚዋ እንዳይነገር ከልክለዋል፤ ሰው የሚጠበቅበት መልስ ምን እንደሆነ ካወቀ እሱኑ ይመልሳል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን እጄን ታስሬ የምጽፍልሽ ያህል ከብዶኛል። መልሱ ምንም ይሁን፣ እውነቱን ጻፊልኝ።

ጭራሮሽ

ኅዳር 6

ልጄ፣

አለ።

ይኸው ተገላገልኩ። በግራም አለ። ከቀኙ ያንሳል፤ ካልዳበሱት አይታወቅም። ካወቅሁት ቆይቷል። ጀርባዬን ስታጠብ እጄ አገኘው። ያን ቀን መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ውሃው እስኪቀዘቅዝ አልተነሳሁም።

ለምን እንደደበቅሁሽ አትጠይቂኝ፤ እኔው እነግርሻለሁ። አንድ እብጠት ሲሆን በሽታ ነው፤ ይቆረጣል፣ ያልፋል። ሁለት ሲሆን ግን ተሰራጨ ማለት ነው። እኔ እንኳን፣ ዶክተር ያልሆንኩት፣ ይህን አላጣውም። ለቀዶ ሐኪሙ አልነገርኩትም፤ ለሳኙማ አይታሰብም፣ አገር ምድሩ ይሰማ ነበር። አንቺ መጀመሪያ ስትጠይቂኝ ቀለድኩ። ደግመሽ ስትጠይቂኝ ግን እንደገባሽ ገባኝ። «ለምን እንደሆነ አልነግርሽም» ስትይ አልቅሼ ጨረስኩ። ሰው ደስ የሚል ነገር አይደብቅም።

ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ቀርቷል። አንዱን እጄን ሰጥቼ ሌላውን ላተርፍ ነበር ሐሳቤ፤ ቀለሙን በግራ እጄ ለመቀባት እንኳ ሞክሬ ነበር፤ ለሳኙ «አዲስ ሠራተኛ ቀጠርሽ እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ አበላሽቼዋለሁ። ሁለቱንም ከሆነ ግን ይቅርብኝ። እጆቼ እስከሚነሱ ድረስ አነሳቸዋለሁ። ሰኞ ሄጄ ቀጠሮውን እሰርዛለሁ። እንዳትቆጪኝ፣ እንዳትለምኚኝም። ብትለምኚኝ እሸነፋለሁና።

የቤቱ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ። አንቺ ስትማሪበት የነበረውን ክፍል አምና ቢጫ ቀብቼዋለሁ፤ ሳላስፈቅድሽ። ካልወደድሽው ነጭ አድርጊው፤ ግን ሁለት እጅ ቀቢ፣ ቢጫው ከሥር እንዳይታይብሽ።

ልጄ፣ አንቺን በማሳደጌ ደስ ብሎኝ ነው የኖርኩት። ይህን በቃል ነግሬሽ ስለማላውቅ በጽሑፍ ይኑርሽ። አሁን ሹፌሩ ጡሩንባውን እየነፋ ነው።

እቴቴ

ኅዳር 8

እቴቴ!!!

መሰላል ላይ ከሆንሽ ውረጂ። ወርደሻል? ተቀመጪ።

ሁለት ነው! ሁለት በመሆኑ ጮቤ ረግጬ የክፍላችንን ወንበር ሰብሬያለሁ! አንቺ ቀብር ያወጅሽበት ነገር እኮ እኛ ስንጸልይለት የሰነበትነው ምልክት ነው። የኔ ሞኝ፣ የኔ ጅል፣ የኔ እናት! ካንሰር አይደለም። አይደለም። አይደለም። አሁን ካነበብሽው በኋላ ከፈለግሽ አልቅሺ፤ እኔም እያለቀስኩ ነው፣ ለዚህ ነው ቀለሙ የተንጠባጠበው።

ቀስ ብዬ ላስረዳሽ። ማቅለሚያው ትናንት ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ስላይዱን አቅልመን ሲያልቅ ጋሼ ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። አዩ። ፈገግ አሉ። ማንጎራጎር ጀመሩ፤ አላቋረጡም፤ ድምፃቸው እየጨመረ ሄዶ ከሚቀጥለው ክፍል ሰዎች ምን ተፈጠረ ብለው መጡ። «ነይ እዪ» አሉኝ። እቴቴ፣ ያ ሁሉ ሮዝ የነበረው ሜዳ ላይ ጥቁር ጥቁር ወፋፍራም ክሮች ተበትነው አየሁ፤ አንዳንዱ ተቆራርጦ እንደ ዶቃ የተደረደረ፣ አንዳንዱ ጫፉ የተንጨፈረረ፣ ልክ እንዳረጀ ብሩሽ። በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። እንዲህ ውብ ነገር አይቼም አላውቅ።

ስሙ ኤላስቶፋይብሮማ ይባላል። እንደ ላስቲክ ከሚሳቡ ክሮችና ከስብ የተጠቀለለ እብጠት ነው። አይሰራጭም፣ ወደ ክፉም አይለወጥም። በብዛት የሚወጣው ያቺው ቦታ ላይ ነው፤ የትከሻ አጥንት ከጎድን አጥንት ጋር ከሚፋተግበት ሥር። በብዛት የሚያገኛቸውም ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሴቶችን ነው፤ ብዙዎቹም እጃቸውን ሲያነሱ ሲጥሉ የኖሩ ናቸው። ለምን እንደሚመጣ እርግጡን የሚያውቅ የለም፤ ብዙዎች ግን ከዚያ መፋተግ ነው ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ደግሞ በሁለቱም በኩል ይወጣል። ክፉዎቹ እብጠቶች እንዲህ መንታ ሆነው ቀኝና ግራ በአንድ ልክ አይቀመጡም ማለት ይቻላል። ጋሼ የጠየቁት ለዚህ ነበር። ሰው ደስ የሚል ነገርም ይደብቃል፤ እኔ ደብቄሽ ነበር፤ አንቺ በዚያ ሰበብ ለዚያን ያህል ቀን እንዴት እንደተንገበገብሽ ሳስብ አፈር ልብላ እላለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ይዤው ወደ ጋሼ ገባሁና «በግራም አለ» አልኳቸው። «አውቄ ነበር!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የነገርኳቸው፤ አክስቴ እንደሆንሽ፣ እንዳሳደግሽኝ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ቀለም ቀቢ ናት ስትዪኝ ነው የነቃሁብሽ» አሉኝና እቅፍ አደረጉኝ። ከዚያ ሪፖርቱን በራሳቸው እጅ ፈረሙ። ለቀዶ ሐኪሙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ሹፌር ይደርሰዋል።

ቀዶ ሕክምና የለም። ካላስቸገረሽ ማንም አይነካቸውም፤ አብረውሽ ይኖራሉ። ዓመት ዓመት አንድ ጊዜ ሐኪም ያያቸዋል፣ በቃ። እጆችሽ ያንቺ ናቸው፤ ሁለቱም፤ እስከ ጣሪያ ድረስ።

የመጨረሻውን አንቀጽሽን በተመለከተ፣ በጽሑፍ ይኖረኛል። ግን በቃልሽም ልሰማው ስለምፈልግ እንዳታመልጪኝ።

ጭራሮሽ

ኅዳር 20

ጭራሮዬ፣

«ምነው ዘጋሽኝ» ብለሽ በሹፌሩ አፍ ልከሽብኛል። አልዘጋሁሽም። ደብዳቤሽን ለሰው ሳነብ ነው የሰነበትኩት። ለጎረቤት አነበብኩ፣ ለትኬት ቆራጯ አነበብኩ፣ ለሳኙ በየቀኑ ካላነበብሽልኝ ይላል። አንድ ቀን ባቡር ለሚጠብቁ መንገደኞች ከመወጣጫው ላይ ሆኜ አነበብኩላቸው፤ አጨበጨቡ። የበሽታውን ስም አንዳቸውም በትክክል ሊጠሩት አልቻሉም፤ እኔ ግን ሸምድጄዋለሁ፤ ጣቢያው ውስጥ ከእኔ በስተቀር ይህን ቃል የሚችል ሰው የለም።

ሰኞ ሆስፒታል የሄድኩት ቀጠሮ ለመሰረዝ አልነበረም፤ ለመኩራት ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሪፖርቱን ይዞ ጠበቀኝ። አንዴ አነበበው፣ ደገመው። «በሥራ ዘመኔ አይቼው አላውቅም» አለኝና ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሲጀምር «ምን ይቅርታ! ከመቁረጡ በፊት ቆሞ የጠበቀ ሐኪም ይመረቃል እንጂ ይቅርታ አይጠይቅም» አልኩት። ከዚያ ተማሪዎቹ እንዲያዩት ፈቃዴን ጠየቀኝ። ክፍሉ ሞላ። «እጆችዎን ወደ ታች» ሲለኝ፣ ጀርባዬ ለጥ ያለ ሜዳ። «አሁን ራስዎን ይቀፉ» ሲለኝ ራሴን እቅፍ፤ ሁለቱም ብቅ! ተማሪዎቹ «ዋው» አሉ። እንደገና ያድርጉልን አሉኝ። ሳልቆጥር አደረግኩላቸው። ያ የክሊኒኩ ሐኪምም ሰምቶ መጥቶ ከኋላ ቆሟል፤ በዚያኛው ጊዜ ብዕሩ እንደወደቀበት ስናገርበት እስከ ጆሮው ቀላ። እኔ የደበቅሁት ነገር የሰው መማሪያ ሲሆን ምን ያህል እንደተደሰትኩ ልነግርሽ አልችልም።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ያንን የእንባ ደብዳቤ በላክሁልሽ ቀን ለጣሪያው ከያዝኩት በቀር ዕቃዬን ሁሉ አከፋፍዬው ነበር። ሰው ከሞተ በኋላ ከሚሻሙበት በሕይወቴ ልስጥ ብዬ። ሮለሮቹን ለጎረቤቴ፣ አጭሩን መሰላል ለትኬት ቆራጯ ባል፣ ትልቁን ብሩሼን፣ ያንን ከማንም የማላካፍለውን፣ ለለሳኙ። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ እንግዲህ ምን ልበል? አልሞትኩም፣ ዕቃዬን መልሱልኝ? የሰጠሽውን መልሰሽ ስትለምኚ ምን እንደሚያሳፍር! ጎረቤቴ ሮለሮቹን ሰጠችኝ፤ ግን የዶሮዎቹን ቤት ቀብታባቸው ላባ ተለጥፎባቸዋል። መሰላሉን ሰውየው ራሱ ተሸክሞ አመጣልኝ፤ «ከመጀመሪያውም ፈርቼ ነው የተቀበልኩሽ» አለኝ።

ለሳኙ ጋ ለመሄድ ግን አቃተኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከደጁ ተመለስኩ። በመጨረሻ ገባሁና ስለ አየሩ አወራሁ፣ ስለ ጄሶው ዋጋ አወራሁ። ከዚያ «ያ ብሩሽ... ሰጥቼህ ነበር» አልኩት።

«መች ተቀበልኩሽ?» አለኝ።

«እጅህ ላይ አስቀመጥኩት እኮ!»

«እጄ ላይ አስቀመጥሽው። እኔ አልተቀበልኩም።»

ተነስቶ ከቁም ሳጥኑ አወጣው። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎታል፤ ጠጉሩ እንዳይጣመም በወረቀት አስሮታል። አንዴም ቀለም አላስነካውም። ምስጢር የማይይዝ ሰው፣ ይህን አንድ ነገር ለማንም ሳይናገር ይዞት ኖሯል። እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። እሱም የሚያደርገው ጠፍቶት «ጄሶው እየደረቀብኝ ነው» እያለ ክፍሉን ይዞረዋል፤ በቤቱ ውስጥ ጄሶ አልነበረም።

ጣሪያው አልቋል፤ ሁለተኛ እጅ ተቀብቷል። እውነቴን ነው የምልሽ፣ በእጄ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል። አለቀ ያልኩት ግን ለሌላ ሰው እንጂ ለአንቺ አይደለም። ከሰዓቱ በላይ በኩል፣ በስተቀኝ፣ አንድ ጥግ ሳልቀባ ትቻለሁ። የጣቢያው ሹም በየጠዋቱ አንጋጦ «ያ ጥግ ምን ሆነ?» ይለኛል። ማክሰኞ «ርጥበት አለው» አልኩት። ረቡዕ «ቀለሙ እየተበጠበጠ ነው» አልኩት። ዛሬ ሰበብ አልቆብኝ ጥጉን ለአንቺ እንዳስቀመጥኩት ነገርኩት፤ «ልጅቷ መቼ ነው የምትመጣው?» አለኝ።

መቼ ነው የምትመጪው? ጋሼን እረፍት ጠይቂያቸው፤ ካልፈቀዱልሽ እኔ እጽፍላቸዋለሁ፤ ባይሆን ይዘሻቸው ነይ። ብሩሹ ታጥቦ ተቀምጧል። ከላይ አንቺ ትወጫለሽ፤ መሰላሉን ከታች እኔ እይዝልሻለሁ።

እቴቴ